ባሕር ዛፉ ነው ምንጩን የጠጣው? በላስቲክ የለካሁትን ተመልከቱልኝ

የሐይቅ ዳር ልጅ | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡልኝ።

ለመስቀል ቤተሰብ ልጠይቅ ወደ ተሁለደሬ ወጥቼ ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ ከምንጫችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ሦስት መቶ ያህል ነጭ ባሕር ዛፍ ተክሎ ነበር፤ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመት ሞላቸው። ምንጩ የጎለበተ ነው፤ ዓይኑ በሲሚንቶ ተከድኖ ውሃው በአንዲት የብረት ቱቦ ይወርዳል። ልጅ ሳለሁ ቱቦውን ሞልቶ ይፈስ የነበረው ውሃ አሁን የቱቦውን ወለል ብቻ አርሶ ነው የሚወርደው። አጎቴ ቡና ላይ "ወንድሜን ነፍሱን ይማረውና፣ ውሃችንን ለዛፍ አጠጥቶት ሄደ" አለ። እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ "ዛፍ ዝናብ ይጠራል እንጂ ምንጭ አያደርቅም፤ ከዛፉ በፊት እዚያ ላይ ከድንጋይ ሌላ ምን ነበረና ነው?" ብላ መለሰችለት። ከዚያ ቶናውም በረካውም በዝምታ ተጠጣ።

እኔ ደሴ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ የዕፅዋት ባለሙያ አይደለሁም። ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳኝና በማግስቱ ሙከራ ሠራሁ። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አንዱን በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ሌላውን ድንበራችን ላይ ባለችው አሮጌ ወይራ ቅርንጫፍ ላይ አጥልቄ አፋቸውን በሲባጎ አሰርኩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ተውኳቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የላስቲኩ ውስጥ እንደ ምጣድ አከምባሎ ላብ አወጣ። ስፈታቸው ውሃው ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ነበር፤ በሲሪንጅ ስቤ ለካሁት። ከባሕር ዛፉ 17 ሚሊ ሊትር፣ ከወይራዋ 6 ሚሊ ሊትር።

ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። አጎቴ ይህን ሲሰማ መጥረቢያውን ሊስል ተነሣ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ፍርዱ አለቀ?

ጦሳ ሥር | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 2:31

አለቀ እንጂ! በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ በእንግድነት መጣ፤ እንግዳ ደግሞ ሲቆይ ባለቤት ይሆናል። ይቆረጥ። ለአጎትህ መጥረቢያ የሚስል ሰው ከፈለጉ ከደሴ እመጣለሁ።

እታለም ዘኩታበር | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 3:05

አንተ ጦሳ ሥር፣ ቤትህ በምን ቋሚ ላይ እንደቆመ ወጥተህ እየው፤ ከዚያ ትፎክራለህ። እኔ ሁለት ልጆቼን ያስተማርኩት በባሕር ዛፍ አጣና ነው። ቅጠሉ እንጀራ ይጋግርልኛል፤ ጉቶው ደግሞ እንደገና አቆጥቁጦ በአምስት በስድስት ዓመት ይደርስልኛል። ወይራ ተክዬ ቢሆን ኖሮ ልጆቼ እስካሁን አንደኛ ክፍል ነበሩ።

ውሃ መጠጣቱን አልክድም። ላሜም ትጠጣለች።

ወይራ ጥላ | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 4:20

በደን ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ ስሜን አይታችሁ ለወይራ ታደላለህ እንዳትሉኝ።

ወንድሜ የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ከፍርዱ በፊት አንድ ጥያቄ፦ በየላስቲኩ ውስጥ ስንት ቅጠል ነበረ? የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ማጭድ የረዘመ ነው፤ የወይራ ቅጠል ጣት አያክልም። ቅርንጫፍን ከቅርንጫፍ ማወዳደር የእንስራንና የሲኒን ውሃ እንደ ማወዳደር ነው። ቅጠሎቹን ሸምጥጠህ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ዙሪያቸውን አስምርና ካሬዎቹን ቁጠር። ደግሞ ላስቲክ ውስጥ ያለው አየር ወዲያው እርጥበት ስለሚሞላ የምታገኘው ቅጠሉ በነፃ አየር ከሚያወጣው ያነሰ ነው። ሁለቱን ለማወዳደር ይረዳሃል፤ ዛፉ በቀን ስንት ሊትር እንደሚያወጣ ግን አይነግርህም።

አሁን "ጠጣ" ስለሚለው ቃል። ሥር ከሚስበው ውሃ ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚሆነው በቅጠል በኩል ተንኖ ይሄዳል፤ ዛፉ ዘንድ የሚቀረው ጥቂት ነው። ታዲያ የማይጠቀምበትን ለምን ይስባል? በሩ አንድ ስለሆነ ነው። ቅጠል ላይ ስቶማታ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከንፈር የመሰሉ ሁለት ሕዋሳት አሉት፤ ውሃ ሲሞሉ ይነፉና ቀዳዳው ይከፈታል፣ ውሃ ሲያጥራቸው ይሟሽሹና ይዘጋል። ዛፉ ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ነው። የቅጠሉ ውስጥ ደግሞ እርጥብ ነው፤ የውጭው አየር ደረቅ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ ከመቶ 0.04 እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ አንዷ ሞለኪውል እስክትገባ ብዙ መቶ የውሃ ሞለኪውሎች ይወጣሉ። በሐምሌ ደሴ ላይ እንግዳ ለማስገባት በር ስትከፍት የከሰሉ ሙቀት ሁሉ ወጥቶ እንደሚያልቀው ነው።

ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋ ሞተር እንደሌለም እወቅ። ከላይ ከቅጠሉ ሲተንን ከታች ያለው ውሃ እንደ ፈትል ሳይበጠስ ተያይዞ ይሳባል። ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ የደብሊን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1894 ይህን ሲሉ ያመናቸው ጥቂት ነበር። ውሃ እንደ ገመድ ይጎተታል ብሎ ማን ያምናል?

የሐይቅ ዳር ልጅ | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1:40

ጋሼ ወይራ ጥላ፣ ደግነቱ ቅጠሎቹን አልጣልኳቸውም፤ ጋዜጣ መሐል አድርጌ ይዣቸው ነበር። ትናንት ማታ ከሥራ በኋላ ተቀምጬ ቆጠርኩ። የባሕር ዛፉ 1,150 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የወይራዋ 620። (የወይራዋ ቅጠሎች ብዛት! ዓይኔ ሊጠፋ ነበር።)

ስለዚህ ለ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቅጠል ባሕር ዛፉ አንድ ተኩል ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ወይራዋ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ አውጥተዋል። ሦስት እጥፍ ያልኩት አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። ለአጎቴ ደውዬ ነገርኩት፤ "አንድ ተኩልም ቢሆን ሌብነት ነው" አለኝ።

መምህር ዘቦሩ ሜዳ | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2:15

ይህን ነገር ተማሪዎቼ በዓይናቸው አይተውታል፤ ልንገራችሁ። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቅጠሉ ላይ ትቀባላችሁ፤ ሲደርቅ ግልጽ ፕላስተር ለጥፋችሁ ትልጡታላችሁ። የቅጠሉ ገጽ ልክ እንደ ማኅተም ይወጣል። ማይክሮስኮፓችን አንድ ነው፤ መስታወቱ ስለተሰበረ በስልክ መብራት ከሥር እያበራን ነው የምናየው። አንዲት ተማሪ ጎንበስ ብላ አየችና "መምህር፣ የቡና ፍሬ ተዘርቶበታል!" አለች። እውነቷን ነው፤ ስቶማታ መሐሉ የተሰነጠቀ የቡና ፍሬ ይመስላል።

ለዚህ ውይይት የሚጠቅመው ያገኘነው ልዩነት ነው። ያደገ ነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሁለቱም ገጹ ፀሐይ ያያል፤ የቡና ፍሬዎቹም በሁለቱም ገጽ አሉ። የወይራ ቅጠል ግን ቀዳዳው ከጀርባው ብቻ ነው። ጀርባው ደግሞ ቅርፊት የመሰለ ቡናማ ነገር ለብሷል፤ ጥፍር ቀለሙ ራሱ አልነሣ ብሎ አስቸግሮናል። በሩን በመጋረጃ ሸፍኖታል ማለት ነው። የወይራ ቆጣቢነት ከዚያ ይጀምራል፤ ዕድገቱ የዘገየውም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል፤ በሩን ያጠበበ ሰው እንግዳም አይበዛለትም።

ጦሳ ሥር | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2:40

በር በር አላችሁ፤ እኔ ደግሞ አያቴ "ሌሊት ዛፍ ሥር አትተኛ፣ መርዝ ይተነፍሳል" ትለኝ ነበር። ሌሊትስ በሩ ምን ይሆናል?

ወይራ ጥላ | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 3:02

ሌሊት ብርሃን ስለሌለ የአብዛኛው ዛፍ በር ይዘጋል ወይም ገርበብ ይላል። ዛፉ መተንፈሱን ግን አያቆምም፤ ቀንም ሌሊትም እንደኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ቀን ከሚያስገባው ውስጥ ግማሽ ያህሉን በራሱ ትንፋሽ መልሶ ይሰጣል። ያም ሆኖ አንድ ሰው በቀን ወደ አንድ ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚተነፍስ ከዛፉ ይልቅ አጠገብህ የሚተኛውን ወንድምህን ፍራ። አያትህ ጅብ ፈርተውልህ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ይህ የቀንና የሌሊት ልዩነት በጫካ ላይ በቀጥታ ይለካል። ከዛፎቹ ጫፍ ከፍ ያለ ማማ ይተከላል፤ ማማው ላይ ያለው መሣሪያ በሰከንድ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ነፋሱ ወደ ላይ ነው ወደ ታች ብሎ ይጠይቃል፤ በዚያችው ቅጽበት የተሸከመውን የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመዘግባል። ወደ ታች የሚወርደው ነፋስ ወደ ላይ ከሚወጣው የበለጠ ካርቦን ከያዘ ጫካው እየበላ ነው። ሲመሽ ይገለበጣል። የጫካው ትንፋሽ ደግሞ የዛፎቹ ብቻ አይደለም፤ መሬት ላይ የረገፈው ቅጠል ሲበሰብስም ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል።

ቁጥር ወዳጅ | ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 3:30

ከኮምቦልቻ ነኝ፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። የሐይቅ ዳር ልጅ እናት "ከድንጋይ ሌላ ምን ነበረ" ያሉት አልለቅ ብሎኝ ሌሊቱን ስደምር አደርኩ። ከድንጋይ ላይ ያ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ?

ቫን ሄልሞንት የተባለ የቤልጅግ ሰው በአምስት ዓመት ሙከራ ይህን ጠይቆ ነበር። በ200 ፓውንድ ደረቅ አፈር ላይ 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተክሎ ውሃ ብቻ አጠጣ። ዛፉ 169 ፓውንድ ሆነ፤ አፈሩ የጎደለው ሁለት አውንስ ብቻ ነበር። ሰውየው እንጨቱ ሁሉ ከውሃ ተሠራ ብሎ ደመደመ፤ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ታተመለት። የሚያስቀው "ጋዝ" የሚለውን ቃል የፈጠረው እሱው ራሱ ነው፤ ከከሰል ጭስ የሚወጣውንም ጋዝ አውቆታል። ዛፉን የሠራው ያ ጋዝ መሆኑን ግን ልብ አላለም። ቁልፉን በእጁ ይዞ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን የኛን እንደምር። ደርቆ 20 ኪሎ የሚመዝን አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ እንውሰድ። የደረቅ እንጨት ግማሹ ካርቦን ነው፤ 10 ኪሎ። ይህ ከ36 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆን አለበት። በደሴ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በዚያ አየር አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የአንድ ግራም አንድ ስድስተኛ እንኳ የማይሞላ ካርቦን አለ። ስለዚህ ያንን አንድ ቋሚ ለመሥራት ዛፉ ከ60,000 ሜትር ኩብ በላይ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን አራግፎ ወስዷል። አራት በአራት የሆነና ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ክፍል ከ1,250 ጊዜ በላይ ባዶ ማድረግ ነው።

የውሃውን ዋጋ ደግሞ እንይ። ለአንድ ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 300 የውሃ ሞለኪውል ብንል ለአንድ ኪሎ ጋዝ 120 ሊትር ያህል ይሆናል። ዛፉ ያስገባውን ግማሽ ስለሚተነፍሰው እጥፍ አድርጉት። በግርድፉ 9,000 ሊትር፤ ባለ 200 ሊትር 45 በርሜል። ሥሩንና የረገፈውን ቅጠል ሳንቆጥር። እታለም፣ አጣና ስትሸጪ ዋጋው ላይ ይህን ደምሪበት።

እታለም ዘኩታበር | ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 4:00

በውሃ ዋጋ ብሸጠውማ ኖሮ ይኼኔ ባለ ፎቅ ነበርኩ። ግን አንድ ነገር አሳዘነኝ፤ ያን ሁሉ አየር አበጥሮ የሰበሰበውን ቅጠል እኔ በአንድ ምጣድ እንጀራ ወደ ሰማይ እመልሰዋለሁ።

አያ ሙሔ | ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1:20

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፤ እኔ እናገራለሁ። ቃሉ ነው አገሬ።

የዚያ ልጅ እናት ያለችውን ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ። በ77 ተራራችን ራቁቱን ነበር። ዝናብ ጠፋ ትላላችሁ፤ ጠፍቷል። ግን የመጣችውም ዝናብ አትቀመጥም ነበር። ቆዳ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ተንሸራታ ቦረቦሩን ይዛ ወደ ቦርከና፣ ከቦርከና ወደ አዋሽ። ምንጫችን በዚያን ጊዜ የሞተው ዛፍ ጠጥቶት አይደለም፤ ዛፍ አልነበረማ! ከዚያ በምግብ ለሥራ እርከን ሠራን፤ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረልን። ቦታው ከሰውና ከከብት ንክኪ ተከለለ። መጀመሪያ ሣሩ መጣ፣ ከዚያ ክትክታው፣ ከዚያ ደደሆው፤ ጽዱና ወይራው ሳንተክለው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ወፍ አምጥታው ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ምንጩ በበጋም እርጥብ ሆነ።

ድሮ ዝናብ ሲጠፋ ከዋርካው ሥር ለዱዓ ተሰብስበን ወዳጃ እንቀመጥ ነበር። ዛፉ ዝናብ ይጥራ አይጥራ አላህ ያውቃል። የመጣውን ዝናብ ግን ያስቀምጣል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሐይቅ ዳር ልጅ | ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1:45

አያ ሙሔ፣ እድሜ ይስጥልን። ለእናቴ አንብቤላታለሁ፤ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ለአጎቴ ደወለች።

ወይራ ጥላ | ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 2:50

አያ ሙሔ የተናገሩት በደን ሰዎች መካከል ስንት ዓመት ያጨቃጨቀ ነገር ነው፤ ሁለቱንም ወገን ላቅርብ።

በአንድ ወገን ልኬቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ቦሽና ሂውሌት በልዩ ልዩ አገር የተካሄዱ የ94 ተፋሰሶችን ሙከራ ሰብስበው አዩ። ደን ሲጨምር ከተፋሰሱ የሚወጣው የወንዝ ውሃ ይቀንሳል፤ ደን ሲቆረጥ ይጨምራል። በጥድና በባሕር ዛፍ ደን ላይ የተፋሰሱ የደን ሽፋን ከመቶ 10 ሲለወጥ በዓመት የሚፈሰው ውሃ፣ በተፋሰሱ ሁሉ ላይ ተዘርግቶ እንደ ዝናብ ሲለካ፣ በአማካይ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ይለወጣል። አጎት በዚህ ይደሰቱ።

በሌላው ወገን፣ አብዛኞቹ እነዚያ ተፋሰሶች አፈራቸው ያልሞተ ነበር። መሬቱ ተረግጦ፣ ታጥቦ፣ ደድሮ ከሆነ ዝናቡ አይሰርግም። ዛፍና ሣር ሲመለሱ ሥሩና ምስጡ አፈሩን ይበሳሱታል፤ ውሃው ይገባል። ስለዚህ ዛፉ በአንድ እጁ ይጨምራል፣ በሌላ እጁ ይቀንሳል። የትኛው እጅ ያይላል የሚለው ነው ጥያቄው። በቡርኪና ፋሶ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሥራ ከመሬት በታች የሚሰርገው ውሃ የበዛው ዛፍ በሌለበትም ዛፍ በጠቀጠቀበትም አይደለም፤ አለፍ አለፍ ብሎ በቆመበት ነው ብሏል። የአያ ሙሔ ተራራ ወደዚያ ይጠጋል። ከምንጭ ራስ ላይ ተጠጋግቶ የቆመ ሦስት መቶ ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ነው፤ ሥሩ ከምንጩ ጋር ከአንድ ማዕድ ይበላል።

ዝናብ መጥራቱን በተመለከተ፦ በአማዞን ከሚዘንበው ዝናብ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ጫካው ራሱ ካወጣው ተን ነው። ያ ግን ስፋቱ ብዙ አገር የሚያህል ጫካ ነው። የኛ ክረምት እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ በኩል፣ ከቀይ ባሕር አቅጣጫ ይመጣል፤ የአንድ ተዳፋት ዛፍ ደመና አይጠራም። ሊያደርግ የሚችለው ሌላ ነው። ጉም በሚያዘወትረው ደጋ፣ በጉጉፍቱ ወይም በአቡነ ዮሴፍ ከፍታ፣ አስታው ጉሙን በቅጠሉ አጥምዶ ያንጠባጥባል፤ ሲነጋ ከዛፉ ሥር መሬቱ እርጥብ፣ ሜዳው ደረቅ ሆኖ ታገኘዋለህ። ደግሞ አየሩን ያቀዘቅዛል፤ አንድ ሊትር ውሃ ሲተንን የሚወስደው ሙቀት ደሴ ላይ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ከሚፈጀው ስምንት እጥፍ ገደማ ነው። (ደሴ ላይ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ሽሮው ቶሎ የማይበስልላችሁ ለዚህ ነው።)

አሁን የቤት ሥራ። ዛፉ በሩን በሰፊው የሚከፍተው ቀን ነው ብለናል። ሥሩ ከምንጩ ውሃ እየሳበ ከሆነ ምንጩ ከሰዓት በኋላ መቀነስ፣ ሌሊት ደግሞ ማገገም አለበት። ዋይት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1932 የከርሰ ምድር ውሃ ቀን ቀን እየወረደ ሌሊት ሌሊት ሲመለስ አይቶ ዕፅዋቱ የሚስቡትን በዚያ ለክቷል። ማማም ማይክሮስኮፕም አያስፈልግህም፤ ጀሪካንና ሰዓት ይበቃሃል።

ጦሳ ሥር | ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 3:15

ከሰዓት በኋላ የቀነሰውን ከብት ጠጥቶት እንደሆነስ?

የሐይቅ ዳር ልጅ | ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 3:40

ከብቶቹ የሚጠጡት ከቱቦው በታች ካለው ገንዳ ነው፤ እኛ የምንለካው ቱቦው አፍ ላይ ነው። የምንጩ ዓይን በሲሚንቶ የተከደነ ስለሆነ ከላይ የሚቀዳ የለም። እኔ ደሴ ነኝ፤ ታናሽ እህቴ በስልኳ እንድትለካ ነግሬያታለሁ። ክፍያዋ የሞባይል ካርድ ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ | ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 2:00

ተመልሻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ልኬት ተጥሏል፤ እህቴ ጀሪካኑ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ነበር ሰዓቱን የምታቆመው። ከዚያ በኋላ አንገቱ ላይ በሚስማር ምልክት ጭራ ለአሥር ቀናት በትክክል ለካች።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እስኪሞላ፦ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በአማካይ 96 ሰከንድ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ በአማካይ 119 ሰከንድ። በማግስቱ ማለዳ እንደገና 96፣ 95፣ 97።

መጀመሪያ አላመንኩም። ያሳመነኝ ስምንተኛው ቀን ነው። የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ደመና ከብዶ ያካፋ ነበር፤ ፀሐይ ጭራሽ አልወጣችም። ማለዳ 97፣ ከሰዓት በኋላ 99። ቅጠሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ዋለ፤ ምንጩም እንዳለ ዋለ። እህቴ ደውላ "ዛሬ ዛፉ ጾም ነው" አለችኝ።

ቁጥር ወዳጅ | ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 2:25

ልጅቷ ካርድ ሳይሆን ደመወዝ ይገባታል። በሴኮንድ 0.208 ሊትር የነበረው ወደ 0.168 ወርዷል። በሰዓት 145 ሊትር ያህል፣ ከምንጩ ከመቶ 19 እጅ።

ወይራ ጥላ | ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 3:10

በጣም አምሯል፤ ግን ከመቶ 19 የሚለውን ይዛችሁ ወደ ሽማግሌ እንዳትሄዱ። የማለዳው 96 ሰከንድም ዛፍ እንደሌለ ያህል ነፃ አይደለም፤ ሌሊቱ የቀኑን ጉድለት ሙሉ ለሙሉ ላይከፍለው ይችላል። ስለዚህ የሚወስዱት ከታየው ሊበልጥ ይችላል። በሌላ በኩል ተዳፋቱ እንደ ድሮው ድንጋይ ቢሆን ኖሮ በክረምት ምን ያህል ይሰርግ እንደነበር ይህ ልኬት አይናገርም፤ የእናትህ ጥያቄ እንዳለ ነው። ይህ ልኬት የሚያሳየው ወደ ምንጩ ሥራቸው የደረሰ ዛፎች መኖራቸውን ብቻ ነው፤ እነዚያ ምናልባት የታችኞቹ ናቸው።

እኔ ብሆን ለምንጩ የቀረቡትን መስመሮች አነሣለሁ፤ ላይኞቹን አልነካም። ጉቶውን ግን እንዲሁ አትተዉት። አሮጌ ሥር ይዞ የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ እንደ ጎረምሳ ነው የሚጠጣው፤ ቡቃያውን እየተከታተላችሁ ስበሩ። ክፍት ሆኖ እንዳይታጠብም ወዲያው ሣር ይግባበት፤ በክረምት ወይራና ጽድ አራርቃችሁ ትተክሉበታላችሁ።

የሐይቅ ዳር ልጅ | ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 1:15

እሑድ ቡና ተፈልቶ ተነጋገርን። አጎቴ ሁሉም ይቆረጥ አለ፤ እናቴ አንዱም አይነካ አለች። እህቴ ደብተሯን አወጣችና የደመናውን ቀን አነበበችላቸው። አጎቴ ደብተሩን ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ሲያይ ቆየና "እንዲህ ከሆነ በክረምት አይጠጣም ማለት ነዋ?" ሲል ጠየቀ። በክረምትም ፀሐይ በወጣ ቁጥር ይጠጣል፤ ያኔ ውሃው ስለሚተርፍ አይታወቅም አልኩት። የታችኞቹ ሦስት መስመሮች እንዲነሡ ተስማሙ፤ ሠላሳ ስምንት ዛፍ ነው። እህቴ ከተቆረጠ በኋላም መለካቷን ትቀጥላለች፤ ካርዱ በሳምንት ሁለት ሆኗል።

እታለም ዘኩታበር | ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 1:22

እንኳን ተስማማችሁ። ሠላሳ ስምንቱን ማን ገዛው?

የሐይቅ ዳር ልጅ | ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 1:30

አጎቴ። ለአዲሱ ቤቱ ቋሚ ፈልጎ ነበር አሉ።